ፊርማ የሌለው መጽሐፍ፦ የሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ደራሲነት እንደ ጉዳይ ጥናት

በፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ፈረንሳዊው ተጓዥና ምሁር አንቷን ዳባዲ ከኢትዮጵያ በሰበሰባቸው የግእዝ መጻሕፍት መካከል፣ 215 እና 234 የሚል ቁጥር የተሰጣቸው ሁለት ጥራዞች አሉ። የመጀመሪያው ብራና ነው፤ ሁለተኛው ወረቀት። በወረቀቱ ላይ ያለው የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ፣ ማለትም ስለ እምነትና ስለ ልቡና የሚመረምረው የፍልስፍና ድርሰቱ፣ ብቻ ሲሆን በብራናው ላይ የእርሱና የደቀ መዝሙሩ የወልደ ሕይወት ሐተታዎች ተከታትለው ይገኛሉ። ዛሬ በአማርኛም ሆነ በሌላ ቋንቋ የምናነበው ሐተታ ምንጩ እነዚህ ሁለት ጥራዞች ናቸው። ሁለቱም ለዳባዲ የደረሱት ከአንድ ሰው እጅ ነው። ከዚያ ሰው በፊት መጽሐፉን የገለበጠ፣ የጠቀሰ ወይም ያወገዘ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ያ ሰው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣሊያናዊ የካፑቺን (የካቶሊክ ማኅበር) መነኩሴ ነበር። «ሐተታውን የጻፈው ዘርዓ ያዕቆብ ነው ወይስ ጁስቶ?» የሚለው ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። በዚህ ጥናት ክርክሩን ከነማስረጃው አስቀምጣለሁ፤ የራሴንም ግምት አልደብቅም። ይበልጥ የሚስበኝ ግን ተከራካሪዎቹ «ደራሲ» ሲሉ ምን ፈልገው እንደሆነ ነው፤ ሁሉም አንድ ነገር አልፈለጉምና። (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ ስለ ራሱ የሚለው

ተራኪው የተወለደው በአክሱም አካባቢ፣ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 25 ቀን 1592 ዓ.ም. እንደሆነ ይነግረናል። የክርስትና ስሙ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ሰዎች የሚጠሩት ግን ወርቄ ብለው ነው። አባቱ ድኻ ገበሬ ነበር። ልጁ ዜማ ቤት ገባ፤ ድምፁ ሻካራ ስለነበረ ጓደኞቹ ሳቁበት፤ ከሦስት ወር በላይ አልቆየም። ወደ ሌላ መምህር ሄዶ ቅኔና ሰዋስው ተማረ፤ ቀጥሎም የመጻሕፍት ትርጓሜ። ኋላ አክሱም ላይ ሲያስተምር የፈረንጆቹንም (የካቶሊኮቹን) የግብጻውያኑንም (የኦርቶዶክሶቹን) ትርጓሜ ጎን ለጎን አቅርቦ «ይህ ልክ ነው፣ ያ ስሕተት ነው» ማለትን ስለተወ ሁለቱም ወገኖች ጠሉት። ዘመኑ ዐፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት የገቡበት ነው። አንድ የአክሱም ቄስ ለንጉሡ ከሰሰው፤ ዘርዓ ያዕቆብም ጥቂት ወርቅና ዳዊቱን ይዞ ሸሸ፤ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። የፍልስፍናው ልብ ከዚያ ዋሻ የወጣ ነው፦ እግዚአብሔር ለሰው ልቡና ሰጥቶታል፤ ሰዎች በየሃይማኖታቸው ከሚነግሩን ውስጥ እውነቱን ከሐሰቱ የምንለየው በዚያ ብርሃን ነው።

ሱስንዮስ በ1632 ከሞቱ በኋላ እንፍራዝ ወርዶ ሀብቱ ከሚባል ባለጸጋ ቤት ገባ። ዳዊት እየጻፈ ኖረ፣ የሰውየውን ልጆች አስተማረ፣ ከቤቱ አገልጋይ ከኂሩት ጋር ተጋባ። ባልና ሚስት እኩል ናቸው ይላል። ምንኩስናን ይነቅፋል፣ ጾምን ይነቅፋል፣ የሰውን ልጅ እንደ ከብት መሸጥን ይነቅፋል። ይህንን ሁሉ በስድሳ ስምንት ዓመቱ ጽፎ ለተማሪው ተወለት። ወልደ ሕይወት የራሱን ሐተታ ጨመረበት፤ የእርሱ ምክርና ተረት የበዛበት፣ ከመምህሩ ይልቅ ለስለስ ያለ ነው፤ መምህሩ በዘጠና ሦስት ዓመቱ እንዳረፈም ይነግረናል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ይመዝገብ። ተራኪው በሕይወት ሳለ ሐሳቡን ከሰው ደብቋል። በሰዎች ፊት እንደ እነርሱ ሆኖ እንደኖረ ራሱ ይናገራል።

ጁስቶ

ትክክለኛ ስሙ ጆቫኒ ያኮፖ ኮርቶፓሲ ነው። የተወለደው ሉካ በምትባለው የጣሊያን ከተማ አጠገብ ነሐሴ ማለቂያ ላይ በ1814 ነው። በ1846 ኋላ ካርዲናል ከሆኑት ከጉልየልሞ ማሳያ ጋር ለስብከት መጥቶ በጌምድር ውስጥ በጋይንት ቤተልሔም ተቀመጠ። ቤተልሔም ማለት የድጓ (የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ) ምስክር የሆነ ደብር ነው፤ ድጓን አጠናቅቄአለሁ የሚል መሪጌታ እዚያ ሄዶ ካልተመሰከረለት በዜማ ቤት ሰው አይቆጥረውም። ጁስቶ ከደብሩ ሊቃውንት እግር ሥር ቁጭ ብሎ ግእዝ ተማረ። ሰዋስው አዘጋጀ፣ መዝገበ ቃላት አጠናቀረ፤ ፓሪስ ላለው ለዳባዲ መጻሕፍት እየፈለገ ይልክለት ነበር። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ስለ እምነቱ የሚጠራጠር፣ ሮም ባትሰማ የሚመርጠውን ነገር የሚያወጋ ሰው እናገኛለን።

የሐተታውን ወሬ ለዳባዲ የጻፈው በ1852 ሲሆን በማግስቱ ዓመት በራሱ እጅ የገለበጠውን የወረቀት ቅጂ ላከለት። ብራናው የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ሲነግሡ ካቶሊክ ሚስዮናውያን ከአገር ወጡ፤ ጁስቶም ወጣ። በ1856 ካርቱም ላይ ሞተ። ዕድሜው ገና አርባ ሁለት ነበር።

ክርክሩ

ግማሽ ምዕተ ዓመት መጽሐፉ ዝም ብሎ ቆየ። በ1903 ሩሲያዊው ቦሪስ ቱራዬቭ፣ በ1904 ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን አወጡት፤ ሊትማን የግእዙን ጽሑፍ ከላቲን ትርጉም ጋር ነው ያሳተመው። ለአሥራ ስድስት ዓመት ያህል አውሮፓውያን ምሁራን ከሌላ ቋንቋ ያልተተረጎመ፣ ከኢትዮጵያዊ ራስ የፈለቀ ሥራ አገኘን ብለው ተደነቁ።

በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉ የጁስቶ ነው አለ። መነሻው ተክለ ሃይማኖት የሚባሉ የአድዋ ካቶሊክ ካህን የተዉት ቃል ነው፤ እኒህ ካህን ጁስቶ ከሃይማኖት የወጣ መጽሐፍ እንደጻፈ ሰምተው ነበር። ቀጥሎ የሕይወት ታሪኮቹን አነጻጸረ። ያኮፖ ማለት ያዕቆብ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ነሐሴ 25 የሚውለው በአውሮፓውያን ኦገስት 30 ላይ ነው፤ የጁስቶ የልደት ቀንም ይኸው ነው። በ1934 ኦይገን ሚትቮኽ ክሱን አጠናከረ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ከምሁራን መደርደሪያ ወረደ ማለት ይቻላል። አንድ ፊደል አልተለወጠበትም። የተለወጠው ጻፈው የተባለው ሰው ብቻ ነው።

በ1970ዎቹ ጉዳዩን እንደገና የከፈቱት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ክላውድ ሰምነር ናቸው። ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና አምስት ቅጽ አሳተሙ። የሁለቱን ቅጂዎች ልዩነት ዘረዘሩ፤ የዘርዓ ያዕቆብንና የወልደ ሕይወትን አጻጻፍ በቁጥር አወዳደሩ፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሶቹን፣ በተለይ የዳዊትን፣ አንድ በአንድ ለቀሙ። ዳዊትን በቃሉ ይዞ ያደገ ሰው እንጂ መዝገበ ቃላት የሚያገላብጥ እንግዳ እንዲህ አይጽፍም የሚል ነው የክርክራቸው ጡንቻ። ዓለማየሁ ሞገስም በዚሁ ወገን ቆመው ተከራክረዋል።

ከሁሉም በላይ የማከብረው የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን መንገድ ነው። በግእዝ ጽሑፍ ላይ ከእርሳቸው የሚስተካከል ሰው በዘመናችን መጥራት ይከብዳል። ለብዙ ዓመት መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ አይደለም ከሚሉት ጋር ነበሩ። በ2017 ባሳተሙት ጥናት ግን ሐሳባቸውን ለወጡ፦ መሠረቱ የኢትዮጵያዊ ሊቅ ሥራ ነው ወደሚለው መጡ፤ ጸሐፊውንም «ወርቄ» በሚለው ስሙ መጥራትን መረጡ። በሌላ ወገን ፈረንሳዊቷ የታሪክ ምሁር አናይስ ቪዮን ከ2013 ጀምሮ ባወጣቻቸው ጥናቶች የጁስቶን ደብዳቤዎችና የቅጂዎቹን ታሪክ መርምራ የጁስቶን ደራሲነት አጽንታለች። በ2022 ኦክስፎርድ ላይ ጉዳዩ ብቻውን ጉባኤ ተጠራለት። በ2023 አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም፣ በ2024 ደግሞ የጉባኤው ጥናቶች ታተሙ። ስምምነት አልተደረሰም።

ማስረጃው ምን ያህል ይመዝናል?

የልደት ቀኑ መገጣጠም ብዙዎችን የሚያሸንፍ ነው፤ እኔንም አንገዳግዶኛል። የስሙ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ዘርዓ ያዕቆብ የሚባል ሰው በየደብሩ ነበር፣ ያውም በ15ኛው መቶ ዓመት ከነገሡት ንጉሥ ወዲህ። የተክለ ሃይማኖት ቃል የሰሚ ሰሚ ስለሆነ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ብዙ አይቆምም። ከሁሉም የሚከብደው ማንም በፈጠራ ሊያመጣው የማይችለው እውነታ ነው፦ ከጁስቶ በፊት ምንም ቅጂ የለም። ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም ከተነሡት በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ መጻሕፍት መካከል እንኳ አልወጣም። ለዚህ ጥሩ መልስ አለ ይባላል፤ የተደበቀ መጽሐፍ አይገለበጥም። እርግጥ ነው። ግን መልሱ መጥፋቱን ያስረዳል እንጂ መኖሩን አያረጋግጥም።

በተቃራኒው ያለው ማስረጃ ደግሞ ከውስጥ የሚነበብ ነው። ያ ሻካራ ድምፅ ለምሳሌ። ዜማ ቤት ገብቶ ድምፅ የከዳው ተማሪ ሕፍረት ምን እንደሆነ የሚያውቀው የቆሎ ተማሪ ነው፤ ከጣሊያን የመጣ መነኩሴ ከየት ያመጣዋል? ብዙ ሰው በዚህ ላይ ይቆማል። እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል፦ ጁስቶ የተቀመጠው ከየትኛውም ደብር ይልቅ ድምፅ በሚመዘንበት፣ በድጓ ምስክር ቤት ነው። ዜማ ከድቷቸው ወደ ቅኔ የዞሩ ሰዎችን ታሪክ ለመስማት ከቤተልሔም የተሻለ ቦታ አልነበረም። ስለዚህ ያው ማስረጃ ለሁለቱም ያገለግላል። የዚህ ጉዳይ አስቸጋሪነቱ ይኸው ነው፤ አብዛኛው ማስረጃ በሁለት እግሩ ነው የሚቆመው።

ደራሲ በብራናው ዓለም

ተከራካሪዎቹ ብዙ ጊዜ የዘለሉት ነገር አለ። በግእዝ መጻሕፍት ዓለም ደራሲ እንደ ዛሬው የመጽሐፍ ሽፋን ላይ አይታወጅም። በመጽሐፉ መጨረሻ የሚገኘውን የተለመደ ምርቃት የማያውቅ የለም፦ «ለዘጸሐፎ ወለዘአጽሐፎ ወለዘአንበቦ ወለዘተርጐሞ ወለዘሰምዐ ቃላቲሁ።» የጻፈው፣ ያስጻፈው፣ ያነበበው፣ የተረጎመው፣ የሰማው ሁሉ ይማሩ ይላል። የጻፈው ማለት ደግሞ እዚህ ላይ ብራናውን የገለበጠው ጸሐፊ ነው። ድርሰቱን ያፈለቀው ሰው ከምርቃቱ ውጭ ነው፤ ባለ ገንዘቡ አስጻፊ እንኳ ድርሻ አለው። ብዙ ድርሰት ለቀደሙ አባቶች ተሰጥቶ ይኖራል፤ ንጉሡ ዘርዓ ያዕቆብ ጻፏቸው የሚባሉት መጻሕፍት ላይም የንጉሡ እጅ የት ድረስ፣ የካህናቱ እጅ የት ድረስ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ማንም ግን ይህንን ሐሰተኛነት ብሎ አይከስም።

በዚያው በቤተ ክህነት ግን ከዚህ ጋር የማይገጥም ሌላ ሕግ አለ። የቅኔ ቤት ሕግ። ቅኔ የሚቆጠረው አዲስ ሲሆን ነው። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ የራሱ አስመስሎ ያመጣ ተማሪ መሳቂያ ይሆናል፤ የታላላቆቹ ባለቅኔዎች ቅኔ ከነስማቸው፣ ከነቀኑ፣ ከነምክንያቱ ሲወርድ ሲዋረድ ይቆያል። የአንድ ሰው ራስ ያፈለቀው ነገር የዚያ ሰው መሆኑን እንዲህ አጥብቆ የሚጠብቅ ሥርዓት ዛሬ በቅጂ መብት ሕግ ዘመንም አላየሁም። ታዲያ ብራና ላይ ደራሲውን የሚተው ባህል ቃል ላይ ደራሲውን የሙጥኝ ይላል።

ሐተታው ከብራናው ሥርዓት ይልቅ ለቅኔ ቤት ሕግ ይቀርባል። «እኔ» ብሎ ይጀምራል፤ ስሙን፣ የትውልድ ቀኑን፣ መምህራኑን፣ ጠላቱን፣ ሚስቱን ይጠራል። ሰምነርን ለመሰሉ ሰዎች ይህ የቅኔ ተማሪ መሆኑን ያሳያል። ለተቃዋሚዎቹ ደግሞ ይህ «እኔ» የአውሮፓ ኑዛዜ ሽታ አለው። ሁለቱንም አነባለሁ፤ ሁለቱም ያሳምኑኛል፤ ማስረጃነቱ ላይ ግን አልተማመንም።

ማን ይጠየቅበታል?

እዚህ ላይ የራሴን አመለካከት ልናገር። ደራሲነት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ክብርን ነው፤ ማን ይመሰገን? የዘርዓ ያዕቆብን ጉዳይ ግን በክብር ሳይሆን በመጠየቅ ብናየው ሌላ መልክ ይወጣል። ይህንን መጽሐፍ የጻፈው ሰው ቢያዝ ምን ይደርስበት ነበር? በ17ኛው መቶ ዓመት እንፍራዝ ላይ ጾምና ምንኩስና ከሰው የመጡ ናቸው፣ የትኛውም ሃይማኖት ብቻውን እውነት አይደለም የሚል ደብተራ ከተገዘተ በኋላ ምን እንደሚጠብቀው መገመት አያቅትም። በ19ኛው መቶ ዓመትስ? ሮም የላከችው፣ ቃል ኪዳን የገባ ካፑቺን መነኩሴ ምንኩስና ከተፈጥሮ ሕግ ውጭ ነው ብሎ በስሙ ቢያትም ልብሱን ያወልቅ ነበር። ሁለቱም ተጠርጣሪዎች ስማቸውን የሚደብቁበት አንድ ዓይነት ምክንያት ነበራቸው። ማንም ይሁን ማን፣ የጻፈው ሰው የሚያምንበትን በራሱ ስም በሕይወቱ መናገር ያልቻለ ሰው ነው፤ መጽሐፉም ይህንኑ ይላል፣ ተራኪው በሰዎች መካከል ተሸሽጎ መኖሩን ይናዘዛል። ይህቺ ኑዛዜ ከሁለቱም አፍ ብትወጣ እውነት ነች።

ጁስቶ ከሆነ የልደት ቀኑን ለምን ተወው? ሙሉ በሙሉ መደበቅ የፈለገ ሰው እንዲህ አያደርግም። ሰው የሠራውን ሥራ ጨርሶ እንዳይክድ የሚይዘው ነገር አለ፤ ከዳባዲ በቀር ማንም የማያነበው የሚመስለውን ምልክት ትቶ ይሄዳል። ሐሰተኛ ሰነድ የሚያዘጋጅ ሰው ጥቅም ይፈልጋል፤ ጁስቶ ያገኘው ጥቅም ምን እንደሆነ ማንም በቅጡ አላሳየንም። ይህ ከሆነ «ማጭበርበር» የሚለው ቃል ያንሳል፤ ሰውየው በሌላ ሰው ስም እውነቱን የተናገረ ደራሲ ነው።

ኩራቱና ንቀቱ

ኢትዮጵያውያን በዚህ ጉዳይ ለምን እንደምንቆጣ ለማወቅ የኮንቲ ሮሲኒን ሌላ ጽሑፍ ማየት ይበቃል። በ1935፣ ጣሊያን ልትወርረን በተዘጋጀችበት ዓመት፣ ኢትዮጵያ ለሥልጣኔ እድገት አትችልም የሚል ጽሑፍ አውጥቷል። እንዲህ የሚያስብ ሰው ኢትዮጵያዊ ፈላስፋ አልነበረም ብሎ ሲፈርድ መጠርጠራችን ተገቢ ነው። ነገር ግን የዳኛው ክፋት የማስረጃውን ክብደት አይወስንም። የቀን መቁጠሪያው ስሌት ኮንቲ ሮሲኒ ቢጠላንም ባይጠላንም ያው ነው። በወዲያ በኩልም በ2017 አንድ የኖርዌይ የሐሳብ ታሪክ ምሁር ዘርዓ ያዕቆብን ከአውሮፓ የአብርሆት ዘመን ፈላስፎች የቀደመ አድርጎ ካቀረበው በኋላ ዓለም ሲያጨበጭብ ያጨበጨበው ለመጽሐፉ ይሁን ለደራሲው ትውልድ ለመለየት ያዳግታል። ከ1920 በኋላ የተጣለበትና ከ2017 በኋላ የተነሣበት ምክንያት አንድ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ሰዎች ከገጹ በፊት ሽፋኑን ነው ያነበቡት።

የተዘነጉት ሰዎች

የእኔ ግምት እንዲህ ነው። ጁስቶ በመጽሐፉ ውስጥ እጁ አለበት፤ የቅጂው ታሪክና የልደቱ ቀን ተደምረው ይህንን ለመካድ ያስቸግሩኛል። ነገር ግን ከስድስትና ሰባት ዓመት ትምህርት በኋላ አንድ ፈረንጅ ብቻውን በዚያ ዓይነት ግእዝ፣ ያለ ረዳት፣ ሁለት ድርሰት አወጣ የሚለውን አልቀበልም። መዝገበ ቃላቱንም ብቻውን አላጠናቀረም፤ የደብሩ ሊቃውንት አጠገቡ ነበሩ። ክርክሩ ከ1920 ጀምሮ አንድ ኢትዮጵያዊና አንድ ጣሊያናዊ እንደ ትግል ሜዳ አቁሞ አንዱን ጣይ ሲፈልግ ኖረ፤ ግእዙን ያረሙ፣ ጥቅሱን ከዳዊት ያቀበሉ፣ ምናልባትም የራሳቸውን የልብ ጥርጣሬ ማታ ማታ ያወጉ የቤተልሔም ደብተራዎች በሁለቱም ወገን ስማቸው አይነሣም። በብራናው ሥርዓት ቢሆን «ወለዘተርጐሞ» ተብለው ከምርቃቱ ይደርሳቸው ነበር።

ይህንን ግምት ማረጋገጥም ማፍረስም የሚቻልበት አንድ ሥራ አለ፣ እሱም ከፍልስፍና ይልቅ የብራና ጽሕፈት ምርመራ ነው። 234 የጁስቶ እጅ ነው። 215 ግን የሠለጠነ የአገር ልጅ ጸሐፊ ጽሕፈት ነው። የዚያ ዘመን የጋይንትና የደብረ ታቦር አካባቢ መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬም በየደብሩ ዕቃ ቤት አሉ፤ የተወሰኑትም በፎቶ ተነሥተዋል። የ215ን አጣጣል፣ የቁጥሩን ቅርጽ፣ የነጥቡን አቀማመጥ ከእነዚያ ጋር አስተያይቶ ያንን ጸሐፊ በስም ወይም ቢያንስ በደብር መለየት ሊቻል ይገባል። ጸሐፊው ከታወቀ ከማን ጋር እንደተማረ፣ ከፊቱ የነበረው ምንጭ ብራና ይሁን የጁስቶ ወረቀት መጠየቅ ይጀመራል።